‹‹ነጥቧ የታለች?›› ትልልቅና ትንንሽ ቁጥሮችን በዐሥር ርቢ መጻፍን ለማታ ተማሪዎች እንዴት ታስተምራላችሁ?

የማታ መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የማታ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀን ሥራ ውለው የሚመጡ ናቸው። የጥበቃ ሠራተኞች አሉ፣ ልብስ ሰፊዎች አሉ፣ የታክሲ ረዳቶች አሉ፣ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተው አሁን የራሳቸው ተራ የደረሰ እናቶችም አሉ። አንዷ መርካቶ በርበሬና ቅመም የሚነግዱ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የአንድ ኩንታል በርበሬ ዋጋ ከነማስጫኛው፣ ከነብጣሪው፣ ከነኪሳራው በቃላቸው ሲያሰሉ እኔ ካልኩሌተር ይዤ አልደርስባቸውም።

ባለፈው ሳምንት ሳይንሳዊ አጻጻፍን ጀመርን። እንደ ወትሮው ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፦ ከፊት ያለው ቁጥር ከ1 አያንስም፣ 10 አይሞላም፤ እሱ በዐሥር ርቢ ይባዛል፤ ነጥቧን ወደ ግራ በወሰድን ቁጥር አርቢው (ከ10 ራስ ላይ የምትጻፈው ትንሿ ቁጥር) በአንድ ይጨምራል። ለምሳሌ 340,000 አቀረብሁ። ‹‹በሉ ነጥቧን ወደ ግራ እንውሰዳት›› ስል እትዬ እጃቸውን አወጡ።

‹‹መምህር፣ ነጥቧ የታለች?››

ዞሬ ሰሌዳውን አየሁት። እውነትም ነጥብ የለም። ‹‹መጨረሻ ላይ አለች፤ ግን አትጻፍም›› አልኋቸው። ‹‹ያልተጻፈችውን ከየት አንሥቼ ወዴት ልውሰዳት?›› አሉ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ።

ሐሙስ አጭር ፈተና ሰጠሁ። ከግማሽ የሚበልጡት 340,000ን 3.4 × 10⁴ ብለው ጻፉ። የ0.00052ን ነገር ባላነሣው ይሻላል። እትዬ ‹‹ይህስ ለወጣት ነው›› ብለው ደብተራቸውን ዘግተው ወጡ፤ ትናንትም አልመጡም።

ጎልማሳ ያስተማራችሁ ሰዎች፣ ከየት ነው የምትጀምሩት?

ጠመኔ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡32)

ወንድሜ፣ ነገሩን አታወሳስበው። ነጥብ የሚባል ነገር ጨርሶ አታንሣ። ‹‹ከመጀመሪያው አሃዝ ቀጥሎ ስንት አሃዝ አለ?›› ብለህ ጠይቅ። በ340,000 ውስጥ ከ3 ቀጥሎ አምስት አሃዝ አለ፤ አርቢው 5 ነው። ለትንንሾቹ ደግሞ ከነጥቡ በፊት ያለውን ዜሮ ጨምረህ፣ ሌላ አሃዝ እስኪመጣ ድረስ ዜሮዎቹን ቁጠር። 0.00052 አራት ዜሮ አለው፤ አርቢው −4 ነው። አለቀ።

ከዚያ ሠላሳ ጥያቄ ስጣቸውና እጃቸው ይልመደው። ከሃያ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲደክም የዋለ ሰው ማታ ፍልስፍና ሲፈልግ አላየሁም።

የማታ መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41)

ጠመኔ፣ ዘዴው ትክክል ነው፤ ለፈተና ይበቃል። እኔ ግን የምፈራው ሌላውን ነው። በዚያው ፈተና ላይ ‹‹ከ9 × 10⁵ እና ከ2 × 10⁶ የቱ ይበልጣል?›› የሚል ጥያቄ ነበር። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን መረጡ፤ 9 ከ2 ይበልጣላ! ቆጥረው መጻፍ ቢችሉም የጻፉት ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ አይታያቸውም ማለት ነው። እነዚሁ ሰዎች ደግሞ በብር ብትጠይቃቸው 9 መቶ ሺህን ከ2 ሚሊዮን ጋር በእንቅልፍ ልባቸውም አያምታቱም።

ባለ ሰፈር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05)

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ግን የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርህ መልሱን የያዘች ይመስለኛል። ጎረቤቴ ደላላ ነው። ቤት ሲያሻሽጥ ‹‹አራት ነጥብ አምስት ነው፤ አራት ነጥብ ሁለት ቢሉት ይሰጣል›› ይላል። ሚሊዮን የምትለዋን ቃል አያወጣትም። ሻጭም ገዢም ግን ስንት ዜሮ እንደተዋጠ ያውቃሉ። እንግዲህ ይህ ሰው ከፊት ያለውን ቁጥር ብቻ እየተናገረ አርቢውን በልቡ ይዟል ማለት አይደለም?

ጋዜጣውም እንዲሁ ነው። የ2018 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው ተብሎ ሲነገር ሁሉም አውርቶበታል። ዜሮዎቹን ደርድሮ የጻፈ ግን አላየሁም። ትሪሊዮኗን 10¹² ብለህ ብትተካት ነገሩ ያው ነው።

የቆሎ ተማሪ ነበርሁ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

መምህር ሆይ፣ ተማሪዎችዎ 3.4 × 10⁴ ብለው መጻፋቸው ከባዶ የመጣ ስሕተት አይመስለኝም። ግማሹ ትክክል ነው። እስቲ ይህን ልንገርዎት።

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርሁ፤ አሁን የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ ነኝ። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም። ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያ ፻ እና ፼ ናቸው ያሉን። ለሺህ እንኳ የራሱ ምልክት የለውም፤ ፲፻ ብለን ‹‹ዐሥር መቶ›› እንላለን። 2017ን ፳፻፲፯ ብለን የምንጽፈው ለዚህ ነው፤ ሃያ መቶ ዐሥራ ሰባት። መቶ መቶ ሲሆን ደግሞ እልፍ ይሆናል፤ ፼ ማለት 10,000 ነው።

አሁን በዐሥር ርቢ ይመልከቱት። ፲ አንድ ዜሮ ነው፣ ፻ ሁለት ነው፣ ፼ አራት ነው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ይባዛሉ፤ ሲባዙ ዜሮዎቻቸው ይደመራሉ። ፲፻፦ አንድና ሁለት ሦስት፤ ሺህ። ፻፼፦ ሁለትና አራት ስድስት፤ ሚሊዮን። ፼፼፦ አራትና አራት ስምንት፤ መቶ ሚሊዮን። ሒሳብ መምህሮች ‹‹መሠረታቸው አንድ ሲሆን አርቢዎቹ ይደመራሉ›› የምትሉትን ሕግ እኛ የኔታ ፊት ስሙን ሳናውቅ ስንሠራበት ኖረናል።

አሁን ወደ 340,000 ልመለስ። በግዕዝ ፴፬፼ ተብሎ ይጻፋል፤ ሠላሳ አራት እልፍ። ያ 34 × 10⁴ ነው! ተማሪዎችዎ አራት ዜሮ ቆጥረው 10⁴ ያሉት ከ34 ጋር ሲሆን ልክ ነው። የተሳሳቱት 34ን ወደ 3.4 ሲያወርዱት ከላዩ ላይ የተነሣችውን ዐሥር የትም ሳያስቀምጧት ስለቀሩ ነው። መቶ ብር ዘርዝረው ዐሥር የተቀበሉ ያህል ነው።

በነገራችን ላይ የግዕዝ አኃዝ መልኩ ከግሪክ ፊደላት የመጣ ነው። ግሪኮችም እልፍን የቁጥር መደብ አድርገው ይዘው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው አርኪሜደስ ዓለሙን የሚሞላ አሸዋ ስንት ፍሬ እንደሚሆን ላስላ ብሎ ሲነሣ፣ እልፍ ጊዜ እልፍን፣ ማለትም የእኛን ፼፼፣ እንደ አንድ መለኪያ ወስዶ ነበር ሽቅብ የወጣው።

ጠመኔ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50)

የቆሎ ተማሪው ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ክፍል ውስጥ ግን ይጠንቀቁ እላለሁ። የግዕዝ አኃዝ የቤት ዋጋ የለውም። የአንድ ቤት፣ የዐሥር ቤት፣ የመቶ ቤት የሚባለውን ለመያዝ የሚታገል ተማሪ ላይ ሌላ የአጻጻፍ ሥርዓት ስትጭንበት ሁለቱም ይጠፉበታል። ደግሞስ ከክፍሉ ስንቱ ነው ፼ን ከ፻ የሚለየው?

ስለ 34 × 10⁴ የተባለውን ግን እቀበላለሁ። እኔ ራሴ ለዓመታት ይህችን መልስ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዣታለሁ፤ ለምን እንደምትመጣ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

የቆሎ ተማሪ ነበርሁ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15)

እውነት ብለዋል፤ ሁሉም ተማሪ ይማረው አላልሁም። ከተማሪዎቹ መካከል የቤተ ክህነት ሰው ካለ ወደ ሰሌዳ አውጥተው ያስተምራችሁ ይበሉት። ጎልማሳ ተማሪ በሕይወቱ ስንት ነገር አውቆ መጥቶ ክፍል ውስጥ ግን እንደ ሕፃን ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን ጠመኔ ቢይዝ ምን ይጎዳል?

ላቦራቶሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30)

እኔ ደግሞ ከሥራ ቦታዬ ልጨምር። የደም ምርመራ ውጤት እሰጣለሁ። ወረቀቱ ላይ ነጭ የደም ሕዋስ 7.2 ይልና ከጎኑ በትንንሽ ፊደል 10³ በማይክሮሊትር የሚል አለ። አንድ አባት ወረቀቱን ይዘው ተመልሰው መጡና ‹‹ልጄ፣ ሰባት ብቻ ነው እንዴ የቀረኝ?›› አሉኝ። አልሳቅሁም። ያቺን ትንሽ 3 ማንበብ ካልተማሩ ከሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሌላ ምን ይረዱ?

ለክፍልህ ከዚህ ወረቀት የተሻለ መማሪያ አይገኝም። ስሙን ሸፍነህ አንድ ይዘህ ግባ። ቀይ የደም ሕዋስ በ10⁶፣ ነጩና ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) በ10³ ይጻፋሉ። ውጭ አገር የታከመ ሰው ካለ ደግሞ የእሱ ወረቀት ‹‹7.2 × 10⁹ በሊትር›› ሊል ይችላል። ያው ደም ነው! በአንድ ሊትር ውስጥ 10⁶ ማይክሮሊትር ስላለ 3 እና 6 ተደምረው 9 ሆኑ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጥና ‹‹የትኛው ሰው ነው የታመመው?›› ብለህ ጠይቃቸው።

አንድ ነገር ግን ተማሪዎችህ መጠየቃቸው አይቀርም። ፕላትሌት 250 × 10³ ተብሎ ይጻፋል፤ 250 ከ10 ይበልጣልና ሕጉን ይጥሳል። እኛ ሁሉን በአንድ ሚዛን ለማነጻጸር ብለን አርቢውን ሳንለውጥ እንይዘዋለን። በሒሳብ ፈተና ላይ 2.5 × 10⁵ ይሁን፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን አትንኩብን።

ከፍራንክፈርት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00)

ላቦራቶሪን አንብቤ የራሴ ትዝ አለኝ። እዚህ ጀርመን የነርስነት ሙያ ስማር የመጀመሪያው ወር ላይ ቁጥር አልገባ ብሎኝ ነበር። ነጥብና ሰረዝ ተለዋውጠዋል፤ 340.000 ማለት ሦስት መቶ አርባ ሺህ ነው፣ 3,4 ማለት ደግሞ ሦስት ነጥብ አራት። ይህስ ይለመዳል። ዋናው ጣጣ ቢሊዮን ነው። እኛ ቢሊዮን የምንለውን 10⁹ እነሱ ሚልያርደ ይሉታል፤ እነሱ ቢልዮን ሲሉ 10¹² ነው። የባለ ሰፈርን 1.93 ትሪሊዮን በጀት እዚህ 1,93 ቢልዮን ብዬ ነው የምናገረው። አገር ቤት ለእናቴ ብነግራት ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው የሚመስላት።

ያኔ ነው አርቢው ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ። 10¹² በየትኛውም አገር ቋንቋ ያው 10¹² ነው።

ከሐይፋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡22)

እዚህም በዕብራይስጥ 10⁹ ሚልያርድ ነው። ዐረብ አገር ሠርታ የመጣች እህቴም ሚልያር ትላለች። እኛ ግን እንደ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቢሊዮን ብለን ቀረን።

ጸሐፊዋ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡05)

ይህን ነገር ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የምንታገለው እኛ ነን! የሠራተኞችን ስልክ በ251 ጀምረሽ ኤክሴል ላይ ስትጽፊ ሰንጠረዡ በሙሉ 2.51911ኢ+11 ይሆናል። (ኢ ያልኋት የላቲኗን ፊደል ነው።) ባለ 13 አሃዙ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም እንደዚያው ይታጠፋል። አለቃዬ ‹‹ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበታል›› ብሎ ባለሙያ አስጠርቶ ያውቃል። ቫይረስ አልነበረም፤ 2.51911 × 10¹¹ ነበር።

ቁጥሩ በውስጡ አለ፤ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ መጻፍ ነው መፍትሔው። ከ15 አሃዝ የሚበልጥ ከሆነ ግን የመጨረሻዎቹ አሃዞች እስከ ወዲያኛው ዜሮ ሆነው ይቀራሉና ከመጻፍ በፊት ነው መጠንቀቅ። ሥራ ያላቸው ተማሪዎች ስለሆኑ ይህ የሚገጥማቸው አይጠፋም፤ ንገሯቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡40)

ሜሪላንድ ውስጥ ጂኢዲ (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ አቻ ፈተና) ለሚፈተኑ ወገኖቻችን ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናለሁ። አብዛኞቹ ሾፌሮችና የሆቴል ሠራተኞች ናቸው። ፈተናው በአማርኛ ስለሌለ ሒሳቡን ቢያውቁትም ጥያቄውን ለማንበብ ይደክማሉ።

ስለ ኢ ከተነሣ እኔን ያስቸገረኝ የሱቅ ካልኩሌተር የለመደ ሰው ነው። በትንሿ ባለ 8 አሃዝ ካልኩሌተር ላይ ኢ ከወጣ ‹‹ሞልቷል፣ አልቻልሁም›› ማለት ነው። ሳይንሳዊው ካልኩሌተር ላይ ኢ ሲያዩ ታዲያ ደንግጠው ይሰርዙታል፤ ትክክለኛ መልሳቸውን! አንድ ቀን ሁለቱን ካልኩሌተሮች ጎን ለጎን አድርገን 99,999,999ን በ2 አባዛን። ትንሿ ኢ ብላ 1.9999999 አሳየች። ስሕተት ብላ የዘጋች ቢመስልም ያሳየችው ቁጥር በ10⁸ ቢባዛ ከመጨረሻዋ አሃዝ በቀር መልሱ ነው። በአብዛኞቹ የሱቅ ካልኩሌተሮች እንዲህ ነው የሚሠራው። የቆሎ ተማሪው ፼፼ ያለው መሆኑ ነው።

ሌላው ወጥመድ 5 × 10³ን ለማስገባት ‹‹5፣ ማባዣ፣ 10፣ ከዚያ የዐሥር ርቢ ማስገቢያው ቁልፍ፣ 3›› ብለው መጫናቸው ነው። ቁልፉ ራሱ ‹‹ሲባዛ በዐሥር›› የሚለውን ይዟልና መልሱ 50,000 ይመጣል። 5፣ ቁልፉ፣ 3፤ በቃ።

የማታ መምህር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡15)

ወገኖቼ፣ ብዙ ባለ ዕዳ አደረጋችሁኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እትዬን ሱቃቸው ሄጄ አመጣኋቸው። ‹‹ነጥቧ ተገኘች?›› አሉኝ። ‹‹ነጥቧን ትተናታል፤ ጤፍ ነው የምንቆጥረው›› አልሁ። አይተውኝ ዝም አሉ፤ ያመመኝ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ትናንሽ ቁጥሮች ላይ የሚዳሰስ ነገር ፈልጌ ነበርና ጥያቄው ይህ ሆነ፦ በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ ስንት ፍሬ አለ? ከወርቅ ቤት ሚዛን ተውሼ መጣሁ፤ የግራም መቶኛ የምታነብ ናት። አንድ ፍሬ ብናስቀምጥባት ንቅንቅ አላለችም። ዐሥር ብናስቀምጥም እንዲሁ። ‹‹ስለዚህ አንድ ሺህ እንቁጠር›› ተባለ። ዐሥር ሰው ነጭ ወረቀት ዘርግቶ በመርፌ ጫፍ እየገፋ መቶ መቶ ፍሬ ቆጠረ። ከቤተ ክህነት የመጣ አንድ ተማሪ አለኝ፤ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ፲፻ ብሎ ጻፈና ‹‹እኛ ይህን ነው የምንቆጥረው›› አለ። ከዚያ ምንም ሳልጠይቀው ፻፼ን፣ ፼፼ን አስረዳ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

መሐል ላይ አንዱ ጥበቃ አስነጠሰው። መቶ ፍሬ በነነ። እንደገና ተቆጠረ።

ሺው ፍሬ 0.31 ግራም መዘነ። የአንዱ ፍሬ ክብደት ስንት ነው? 0.00031 ግራም፤ ማለትም 3.1 × 10⁻⁴። እዚህ ላይ ነበር የፈራሁት። የመቀነስ ምልክቷን ሲያዩ ልብስ ሰፊዋ ‹‹ጤፉ ዕዳ አለበት እንዴ?›› አለች። ለነጋዴና ለባለ ሱቅ የመቀነስ ምልክት ማለት ዕዳ ነው፤ ከዜሮ በታች። 10⁻⁴ን እንደዚያ ነው የሚያነቡት። የግዕዙም እርዳታ እዚህ ላይ ቆመ፤ የቤተ ክህነቱ ተማሪ ራሱ ‹‹ወደ ታች የሚወርድ የለንም›› አለ።

ደረጃ ሠራሁ። 1000፣ 100፣ 10፣ 1 ብዬ ከላይ ወደ ታች ጻፍሁና ከጎናቸው 10³፣ 10²፣ 10¹ እያልሁ አርቢዎቹን አስቀመጥሁ። በየእርምጃው ለዐሥር እያካፈልን ነው፤ አርቢውም በአንድ ይቀንሳል። ከ1 በኋላ 0.1፣ 0.01፣ 0.001 ሲመጣ አርቢው ከዜሮ በታች ወረደ፤ ቁጥሩ ግን ከዜሮ በላይ እንደሆነ ነው። ‹‹ዕዳ ሳይሆን ክፋይ ነው›› አሉ እትዬ፤ ‹‹ዘይትም በሊትር፣ በግማሽ፣ በሩብ እንሸጣለን፤ ሩብ ሸጥሁ ማለት ከሰርሁ ማለት አይደለም።›› ከዚህ የተሻለ ቃል አልነበረኝም፤ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት።

ቀጠልን። ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው፣ ማለትም 10⁵ ግራም። 10⁵ን ለ3.1 × 10⁻⁴ እናካፍል። አንድ ለ3.1 ሲካፈል 0.32 ገደማ፤ 5 ሲቀነስ −4፣ 9። ስለዚህ 0.32 × 10⁹። ‹‹ከፊት ያለው ከአንድ አነሰ›› አለ አንዱ ረዳት። ‹‹ከአርቢው አንድ ዐሥር ዘርዝርለት›› አለችው ጎረቤቱ። 3.2 × 10⁸! ሦስት መቶ ሃያ ሚሊዮን ፍሬ። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር ከእጥፍ በላይ፣ በአንድ ጆንያ።

እትዬ ጆንያ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

ጠመኔ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40)

‹‹ዘርዝርለት›› የምትለዋን ወሰድኋት። መደመር ላይስ ደረሳችሁ? እኔ ሁልጊዜ የምወድቀው እዚያ ነው። 3 × 10⁵ ሲደመር 4 × 10⁴ ስል 7 × 10⁹ የማይለኝ የለም።

የማታ መምህር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡52)

ዛሬ ሞከርነው። እንደፈራኸው 7 × 10⁹ መጣ። ‹‹ሦስት ባለ መቶና አራት ባለ ዐሥር ብር ኪሴ ውስጥ አለ፤ ሰባት ምን አለኝ?›› ብዬ ጠየቅሁ። ሰባት ወረቀት፣ 340 ብር አሉ። ከዚያ 4 × 10⁴ን 0.4 × 10⁵ አድርገው ራሳቸው አስተካከሉት፤ 3.4 × 10⁵። ያቺው የመጀመሪያዋ 340,000 ናት። ሆን ብዬ ነበር የመረጥኋት፤ ማንም አላስተዋለም።

አንድ የሚያስቅም ላክልበት። ‹‹አርቢው 5 ነው›› ባልሁ ቁጥር ከወሎ የመጣው ጥበቃ ፈገግ ይላል። ኋላ ሲጠየቅ ‹‹አርቢ ከብት አርቢ ነው እኛ ዘንድ፤ ይኸኛው አምስት ላም አለው ብዬ ነው የምይዘው›› አለ። ርቢስ ያው መርባት አይደል?

ባለ ሰፈር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 6፡03)

የቤት ሥራ ከጎደለህ አንድ ልስጥህ። የሕዳሴ ግድብ የሚይዘው ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በባለ 200 ሊትር በርሜል ቢቀዳ ስንት በርሜል ይሆናል? እኔ ከዜሮ ጋር ስታገል አምሽቼ ትቼዋለሁ።

ላቦራቶሪ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡45)

7.4 × 10¹⁰ ሜትር ኩብ በ10³ ሊትር፣ 7.4 × 10¹³ ሊትር። ለ2 × 10² ሲካፈል 3.7 × 10¹¹ በርሜል። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስሁ።

ጤፉን ከጨረሳችሁ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስን ሞክሩ፤ ስፋቱ 7.5 × 10⁻⁶ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር ላይ ስንቱ ተሰልፎ እንደሚቆም ይፈልጉ።

የማታ መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30)

ሁለቱንም ሰጠኋቸው። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣብኝ። እትዬ ደረጃውን ከደብተራቸው ላይ ሲያዩ ሰንብተው ዛሬ ገና ከመግባቴ ‹‹መምህር፣ መሐል ላይ ያለችውን 1 ዘለሏት። አርቢዋ ዜሮ ነው ማለት ነው። ዐሥር ዜሮ ጊዜ ከተባዛ ምንም ነው እንጂ እንዴት አንድ ይሆናል?›› አሉ። ደወል እስኪደወል ተከራከርን። ‹‹እስከ ሐሙስ ያስቡበት›› ብለውኝ ወጡ።

ጠመኔ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡38)

በደረጃው መልስላቸው፤ 10 ለዐሥር ሲካፈል ስንት ነው? ግን ቶሎ አትንገራቸው፤ እስከ ሐሙስ እሳቸውም ያስቡበት።

ይልቅ ያቺን የወርቅ ሚዛን እስከ መቼ ነው የተዋስሃት? እኔም አንድ ክፍል አለኝ።

የማታ መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡44)

እስከ ቅዳሜ ናት። ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ና፤ ጤፉን ግን የራስህን ይዘህ ና፤ የእኛን እትዬ ቤት ወስደው ፈጭተውታል።